«ቶሻ»

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2002 ናይሮቢ በሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ ለተሰበሰበው ሕዝብ ራይላ ኦዲንጋ የተናገሯቸው ሁለት ቃላት ኬንያን አዳረሱ፤ «ኪባኪ ቶሻ»። የስዋሂሊው «ቶሻ» በአማርኛ «ይበቃል» ነው። ተርጓሚ በዚህ ቃል ላይ ጥቂት መቆሙ አይቀርም። ለሹመት የደረሰ ሰው «በቃ» ይባላል፤ ነገር ይቁም ሲባልም «በቃ» ነው። የዚያን ዕለት ሕዝቡ የሰማው ሁለቱንም ይመስላል፤ ኪባኪ ይበቁናል፣ ካኑም ይብቃው።

ምዋይ ኪባኪ በንጽሕና ሚዛን የሚያልፉ አልነበሩም። ለዐሥር ዓመት የሞይ ምክትል ሆነው አገልግለዋል፤ ካኑን ከሥልጣን ማውረድ ዋርካን በምላጭ ለመቁረጥ እንደ መሞከር ነው ማለታቸውም አይረሳም። ኦዲንጋም ቢሆኑ፣ በሞይ ዘመን ዓመታትን በእስር አሳልፈው ሲያበቁ፣ በዚያው በ2002 ማርች ፓርቲያቸውን ከካኑ ጋር አዋሕደው ነበር። የወጡት ሞይ ኡሁሩ ኬንያታን ለእጩነት ሲመርጡ ነው። ይህን ሁሉ ያስረሳው የ1992 ትዝታ ነበር፤ ያኔ ተቃዋሚው ተከፋፍሎ በመቅረቡ ሞይ በ36 በመቶ ገደማ ድምፅ ቤተ መንግሥት ቀሩ።

ጠበቃው ጄምስ ኦሬንጎ ግን «ቶሻ» አላሉም። በሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ብቻቸውን ለፕሬዚዳንትነት ቀረቡ። በጥምረቱ ውስጥ የቀድሞ የካኑ ሹማምንትን ብዛት ላየ ሰው እምቢታቸው ምክንያት አያጣም። ኪባኪ 62 በመቶ አገኙ፤ ኦሬንጎ ግማሽ በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም። የኡጌንያ የምክር ቤት ወንበራቸውንም አጡ።

በእኚህ ሰው መሳቅ ቀላል ነው። ይሁንና ከድሉ በኋላ የሆነው የሚያስቅ አይደለም። የሥልጣን ክፍፍሉ ውል አልተከበረም በሚል ጥምረቱ ተሰነጠቀ። በ100 ቀናት ይጸድቃል የተባለው አዲስ ሕገ መንግሥት ዘገየ፤ በ2005 መንግሥት ያቀረበውን ረቂቅ ሕዝቡ በድምፁ ጣለው፤ የተቃውሞው ምልክት ብርቱካን ነበር። የ2007ቱ ምርጫ ውጤት ባስነሣው ግጭት ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው በ2010 ነው። ኪባኪ ካኑን ለመጣል በቅተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ላለው መብቃታቸውን አስቀድሞ አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ኦሬንጎ ከጠየቁት አንዱ ነበሩ፤ የጠየቁት ግን ከበር ውጭ ቆመው ነው። ውሉ ሲፈርስና ረቂቁ ሲቀየር፣ እንዲህ ያለ ግትር ጠበቃ እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያ አምስት ዓመት፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር አልነበራቸውም። ንጹሕ እጃቸውን ይዘው መቅረታቸው ለማን ጠቀመ ቢባል መልሱ ያስቸግራል።

በ2007 የኡጌንያ መራጮች የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ሲዘረጉ የኦሬንጎን ስም እንደገና አገኙት። በዚህ ጊዜ ግን ከስማቸው አጠገብ የኦዲንጋ ፓርቲ ብርቱካን ነበረ። አሸነፉ፤ በማግሥቱም ዓመት የመሬት ሚኒስትር ሆኑ።