«ውሃ አትስጫት» ያልኩት እኔ ነኝ

በሰፈራችን ልጅ ሲታመም ከሐኪም በፊት የሚጠራው የእኔ ስም ነበር። የምኖረው ደሴ ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ግድግዳ ተጋርተን፣ አንዱ ቤት የተሳለው ሌላው ቤት በሚሰማበት ሰፈር። ሰባት ወልጄ ስድስት አሳድጌአለሁ። አራስ የምጠብቅ፣ ገንፎ የማገነፋ፣ የሕፃን ሆድ ዳብሼ «ብርድ ነው» ወይም «ዓይን ነው» የምል እኔ ነበርኩ። ለጠየቀኝ ሰው «አላውቅም» ብዬ መልሼ አላውቅም። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገሩን አንድ ጊዜ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤው ነበር። ያን ጊዜ ግን «ምክሬ ሰው ጎድቷል» ብዬ በአጭሩ አለፍኩት። እሳቸው ጾምና ስግደት አዘዙኝ፤ ፈጸምኩ። አሁን የምናገረው ያኔ የዘለልኩትን ነው።

በ2005 ዓ.ም ሰኔ ወር ነው። ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከደላንታ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ስለሆነ ከቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። እናቷ ሩቅ ናቸው። በአራስነቷ ጠብቄ ያስነሳኋት እኔ ነኝ፤ «እትዬ» እያለች ሳትጠይቀኝ የምታደርገው ነገር አልነበረም።

ሕፃኗ ሰባት ወሯ ነው። መዳህ ጀምራለች፣ አጥሚት ትቀምሳለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ተቅማጥና ትውከት ያዛት። እናቷ አቅፋ አመጣቻት፤ አፏን ከፍቼ ድዷን በጣቴ ዳሰስኩት። ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ አብጦ ነጣ ብሏል። «ግግ ነው፤ ካልወጣላት ተቅማጡ አይቆምም» አልኳት።

በዚያው ዕለት ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ ነበር። ልጅቷን አየቻት፤ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ሰጠች፣ አበጣጠሩን አሳየች፣ «ነገ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ይዘሻት ነይ» ብላ ሄደች። ገና በሩን ሳታልፍ «ያልወለደች ስለ ልጅ ምን ታውቃለች?» አልኩ። ከዚያም ዛሬም ጆሮዬ ላይ የሚጮኸውን ተናገርኩ፦ «ውሃ አትስጫት። ከላይ የገባው ሁሉ በታች ይወጣል። ጡትም ቢሆን ቀንሺባት፤ ሆዷ ይድረቅ።» እናትየው ፓኬቶቹን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ግግ የሚያወጡት ሴትዮ ቤት ይዤአቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ገንዘቡንም ከመቀነቴ ፈትቼ የከፈልኩት እኔ ነኝ። የሕፃኗን ራስ በጉልበቶቼ መካከል አድርጌ ያዝኩ። ሴትዮዋ ድዷን በምላጭ ቀደው ፈለቀቁት፤ ነጭ ነገር አውጥተው በመዳፋቸው ላይ «ይኸው ትሉ» ብለው አሳዩን። ደሙን በጥጥ ጠረጉት። እናትየው ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር፤ እኔ «አይዞሽ፣ አለቀ» አልኳት።

አላለቀም። ደሙ እያቆመ እንደገና ይመጣል። ማታ ላይ ልጅቷ ማልቀስ አቆመች፤ እኔ ደግሞ ዝም በማለቷ ተሻላት ብዬ ተደሰትኩ። ሌሊት እናቷ «እትዬ፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ ጡት ልስጣት እንዴ?» ስትለኝ «ቁስሉ ይጠግግ፤ እስኪነጋ ታገሺ» አልኳት። ሊነጋጋ ሲል እርግብግቢቷ ጎድጉዶ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ አየሁት። እጇን ብይዘው ቀዝቅዟል። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሮጥን።

ሐኪሙ የሕፃኗን የሆድ ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተነሳ ቆየ። ቶሎ ደም ሥር ፈልገው ግሉኮስ ሰኩላት። አፏን ሲከፍት ድዷን አየ። «ማን ነው ይህን ያደረገው? ማን ነው ውሃ የከለከላት? ይሄ እኮ በሕግ ያስጠይቃል!» አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማድ ሕፃናትን የሚጎዱትን እንደሚቀጣ ያኔ አላውቅም ነበር፤ ግን «ሕግ» የሚለው ቃል ብቻውን በቃኝ። እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር። ዓይኔን ሰበርኩ። «እኔ ነኝ» አለች። ክፍሉ ውስጥ ባሉት አስታማሚዎች ሁሉ ፊት «አንቺ እናት ነሽ?» ተብላ ስትሰደብ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።

ልጅቷ ተረፈች። ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ግን ለመናገር ከሁሉም ይከብደኛል።

አባትየው ከጉዞው ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ቤቱ ታመሰ። «ልጄን በምላጭ አስቆረጥሽ፣ በጥም ልትገድያት ነበር» እያለ ልብሷን ሰብስቦ ወደ አገሯ ሊሸኛት ተነሳ። ጎረቤት ገባ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከተቀመጡት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ እንደ እናቷ ሆኜ። እዚያ መካከል «መካሪዋ እኔ ነኝ፤ እሷ የእኔን ቃል ነው የሰማችው» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን «ልጅ ናት፣ አታውቅም፤ አንተም ማራት። አንቺም ተነሺና ባልሽን ይቅርታ ጠይቂ» አልኩ። ተነስታ ጉልበቱን ሳመች። ታረቁ፣ ቡና ተፈላ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሽምግልናዬ መረቀኝ።

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ፍርሃት አለበት፣ የሰፈሩ እናት መባሉን መውደድም አለበት። ከሁለቱም በታች ግን ሌላ ነገር አለ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ወንድ ልጄ በስምንት ወሩ በተቅማጥ ሞተብኝ። ያን ጊዜ አማቴና የጎረቤት ትልልቅ ሴቶች ግግ እንዳስወጣለት መክረውኝ ነበር፤ አንጀቴ አልችል ብሎ ሳመነታ ቀናት አለፉ። «ቶሎ አስወጥተሽለት ቢሆን ኖሮ» እያሉ ቀበሩት። በቀብሩ ማግስት የማልኩት መሐላ ነበር፦ ከእንግዲህ በእኔ ዓይን ፊት የሚታመም ልጅ በመዘግየት አይሞትም። ከእሱ ለተከተሉት ልጆቼ ሁሉ ገና ድዳቸው ሲያብጥ አስወጣሁላቸው፤ ተረፉም። የተረፉት በዚያ ምክንያት ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ አፍ ስከፍት የማየው የእኔን ልጅ ነው። የጤና ባለሙያዋን ያልሰማኋት ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ ልጄን የቀበርኩበት ምክንያት ሌላ ከሆነ ምን ልሆን ነው?

ያንን ምክንያት ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ነርስ በዙሪያዋ ለተቀመጥን አስታማሚዎች ስታስረዳ ሰማሁት። ልጅ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ይድሃል፣ ከመሬት ያነሳውን ይልሳል፣ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፤ ተቅማጡ የሚመጣው በዚያ ነው። ድዱ የሚያብጠው ደግሞ ጥርሱ ሊወጣ በዚያው ዕድሜ ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ እኛ አንዱን የሌላው ምክንያት አደረግነው። ትል ነው የተባለው ነጭ ነገር ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ምላጩ ደም ያፈሳል፣ መርዝ ያገባል፣ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ሕፃኑን የሚገድለው ግን ተቅማጡ ጠርጎ የሚወስደው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ የሚሰጠው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በማንኪያ፣ ከተፋውም ትንሽ ቆይቶ እንደገና፤ ጡት ከወትሮው አብዝቶ፤ የዚንክ እንክብል ለአሥር ቀን። ፓኬቱ ቤት ውስጥ ባይኖር እንኳ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ።

ስኳርና ጨው ቤቴ ነበረኝ። ልጄ በሞተበት ሳምንትም እንስራው ሙሉ ነበር። ምላሱን እያወጣ ሲጠባ «ውሃ ከሰጠሽው ይብስበታል» ስላሉኝ በእርጥብ ጨርቅ ከንፈሩን ብቻ አብሼለታለሁ። ነርሷ ስትናገር ይህ ነው የመጣብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን አውቃለሁ። ይህን የምለው «ባለማወቄ ነው» የሚለው ምክንያት እስከየት እንደሚያደርሰኝ ግልጽ እንዲሆን ነው፤ ምላጩን ያስነሳሁት ባለማወቅ ነው፣ ሽምግልናው ላይ የተቀመጥኩት ግን እያወቅሁ ነው።

ከወራት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም፣ ለሕፃናት ከባድ ተቅማጥ ዋና መንስኤ የሆነውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን መሰጠት ጀመረ። የሰፈሩ እናቶች ሲጠይቁኝ «ሂዱ፣ አስከትቡ» አልኩ። ግግ ስለማስወጣትም ከዚያ ወዲህ አልመከርኩም። ግን ለምን እንደተውኩት ለማንም አልተናገርኩም። መጥፎውን ምክር ጮክ ብዬ ሰጥቼ፣ መልሼ የወሰድኩት በለሆሳስ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞውን ቃሌን የያዙ ሴቶች «እትዬ እንዲህ ይላሉ» እያሉ ለሌላ ሲያስተላልፉት ኖሩ።

ልጅቷ አደገች። ቤተሰቡም ተከራይነቱን ትቶ ከዚያው ከሰፈራችን ሳይርቅ የራሱን ጎጆ ቀለሰ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ገብቶ ሰው በየቤቱ በሩን ቆልፎ ሲቀመጥ፣ ያቺው እናት መጥታ «ብቻዎን አይሆኑም» ብላ ወስዳ ቤቷ አስቀመጠችኝ። ያለውን ቆሎ ከልጆቿ እኩል አካፈለችኝ። ያኔም አልተናገርኩም።

አሁን ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የላይኛው ክራንቻዋ በአንድ በኩል ጨርሶ አልወጣም፤ በሌላው በኩል የወጣው ጠማማና ቡኒ ነው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስደዋት በሕፃንነቷ የተነካ መሆኑን ነግሯቸዋል። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። አንድ ቀን ለጓደኛዋ «እናቴ ናት ያስቆረጠችኝ» ስትል በአጥር በኩል ሰማሁ። ይህን ስሰማ ሌላ ሰበብ አላገኘሁም።

ለንስሐ አባቴ ሙሉውን ነገርኳቸው። ስግደት አላዘዙኝም። «የልጅቱንና የአባትየውን ዕዳ በመስገድ አትከፍይውም፤ ሂጂና ለባለቤቶቹ ንገሪ» አሉኝ። ሄድኩ። ባል፣ ሚስትና ልጅ ባሉበት፣ ከፓኬቱ እስከ ሽምግልናው ድረስ ያለውን ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ልጅቱን «እናትሽ የሰማችው እኔን ነው፤ ራስሽን የያዝኩትም እኔ ነኝ» አልኳት።

እናትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «በመከሩኝ ተቀይሜዎት አላውቅም፤ እኔም አምኜ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ዝም ማለትዎንም ፈርተው ነው ብዬ ትቼዋለሁ» አለች። «ሽማግሌ ሆነው መጥተው ይቅርታ ጠይቂ ያሉኝን ግን አልረሳሁትም። ሆስፒታል ያልተናገሩትን ያን ቀን ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።» አባትየው ተነስቶ ወጣ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እስካሁን ሰላምታዬን አይመልስም። ያን ዕለት ጉልበቱን ያስሳምኩት ሚስቱን ነው፤ ይገባዋል። ልጅቱ ከሁሉም አስቀድማ ወደ እናቷ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ በሴቶች ማኅበራችን ላይ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ለሁሉም ተናገርኩ። የተቆጡ አሉ። «ይህን አሁን ማውራት ምን ያደርጋል፣ የቆየ ነገር ነው» ያሉኝም አሉ፤ እነሱ በእኔ ምክር ልጆቻቸውን ያስቆረጡ ናቸው። ግግ የሚያወጡት ሴትዮ ዘንድም ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ «ሰው ሲለምነኝ ምን ልበል?» አሉኝ። እንዲለምን የላክሁት እኔ ስለሆንኩ ልቆጣቸው አልቻልኩም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለተረፈችው ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት «ግግ ነው» ብዬ ከላክኋቸው ውስጥ ያልተረፈ አለ። እናቱ አሁን የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስታለቅስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብዬ ያጽናናኋት እኔ ነበርኩ፤ እሷም እስከ ዛሬ እንደዚያ ታምናለች። ብነግራት ያገኘችውን መጽናኛ እንደምነጥቃት አውቃለሁ፤ የእኔን ልጅ እውነት ስሰማ ምን እንደሆንኩም አውቃለሁ። ንስሐ አባቴ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር አልሰጡኝም፤ «ጸልዪበት፣ ለራስሽ እፎይታ ብለሽ ግን አትሂጂ» ብቻ አሉኝ። ስልኳን ከእህቷ ተቀብያለሁ። እስካሁን አልደወልኩላትም።