ከመጨፍለቃችን በፊት እግራቸውን እንቁጠር

ከደሴ ተነስተን ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የሐይቅ ከተማ ትቀበለናለች። ስሟን ያገኘችው በተራሮች ተከቦ ከአጠገቧ ከተኛው ውሃ ነው። የመስከረም ዝናብ ሲያባራ ልጆቻችንን ይዘን ወደዚያ የዘለቅነው አክስታችንን ለመዘየር ነበር።

አክስታችን በጓሯቸው ጎመን ተክለዋል። ቡናው እስኪፈላ ልጆቹ ወደ ጓሮ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ልጃችን፣ «ኑ! ትል ጎመኑን እየበላው ነው!» ስትል ጮኸች። ሄደን ብናይ እውነትም በቅጠሉ ጀርባ ላይ ጠቆር ያሉ፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ጀርባቸው ሸካራ የሆነ ፍጥረታት ይርመሰመሳሉ። አክስታችንም፣ «ሳምንቱን ሙሉ እነዚህን ስጨፈልቅ ነው የሰነበትኩት» አሉን።

«አክስቴ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ መጀመሪያ እግራቸውን እንቁጠር» አልናቸው። ከጎመኑ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግተን ግንዱን ቀስ ብለን ነቀነቅነው። ልጆቹ የወደቁትን ቆጠሩ፤ ስድስት እግር፣ ሁሉም ከደረት የበቀሉ። ጎመን የሚበላው የቢራቢሮ አባጨጓሬ ግን ከነዚህ ሌላ ከሆዱ ሥር አጫጭር ሥጋማ መርገጫዎች አሉት። እንግዲያው እነዚህ አባጨጓሬ አይደሉም ማለት ነው። ቅጠሉን በትዕግሥት ስንመለከት ደግሞ አንደኛው አንዲት አረንጓዴ ክሽክሽ ይዞ ሲበላት አየነው። ክሽክሽ የተክልን ፈሳሽ እየመጠጠች የምታጠወልግ ተባይ ናት። ያ «ትል» ለካ ነጠብጣብ ያለባት የክቧ ቀይ ጥንዚዛ ልጅ ኖሯል! ቅጠል የሚበሉ ዘመዶች ቢኖሯትም፣ ይህችኛዋ ግን ከነልጇ የክሽክሽ ጠላት ናት።

አክስታችን ለአፍታ ዝም አሉና፣ «ጠባቂዎቼን ነዋ በእጄ የፈጀኋቸው!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ከጓሮው ማን ያስወጣቸው! ጉንዳን፣ ንብና ቢራቢሮ ስድስት እግር፣ አካላቸውም ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት የተከፈለ፤ እነዚህ ነፍሳት ናቸው። ሸረሪትና ጊንጥ ስምንት እግር ስላላቸው ከነፍሳት ወገን አይቆጠሩም። ረጅሙ መቶ እግር በየአካሉ ክፍል አንድ ጥንድ እግር ሲኖረው፣ ሺህ እግር ግን በአብዛኛው ሁለት ሁለት ጥንድ አለው። የመጀመሪያው ይናከሳል፤ ሁለተኛው የበሰበሰ ቅጠል እየለቀመ የሚኖር ዝግተኛ ነው። አክስታችንም በቁርኣን ውስጥ በንብ፣ በጉንዳንና በሸረሪት ስም የተጠሩ ሱራዎች መኖራቸውን ለልጆቹ አስታወሷቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን ፍለጋ ሲወዱ አትከልክሏቸው። ድንጋይ ሲገለብጡ ግን ጊንጥ ሊኖር ስለሚችል በእንጨት እንጂ በእጃቸው እንዳይሆን፤ ያዩትንም ወደ ቦታው ይመልሱት።

በማግስቱ ስንሰናበት አክስታችን ከጎመናቸው ሥር አጎንብሰው ቅጠል ይገለብጡ ነበር። ጣታቸው ግን የሚጨፈልቀው ክሽክሹን ብቻ ነበር።