በራያ ቆላ በብስክሌት የዋልንበት ቀን

በኅዳር ወር 2007 ዓ.ም. ከአንድ ባልንጀራችን ጋራ ከወልድያ ተነሥተን፥ የራያን ቆላ አቋርጠን እስከ አላማጣ በብስክሌት ለመሄድ ቈረጥን። መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃና ስንቅ፥ ትርፍ ጎማና መፍቻ የጫነች አንዲት መኪናም ተከራየን።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብስክሌተኞቻችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል ሲያልፉ ታይተዋል። እነዚያ መኪናቸውን አስቀድመው በመንገዱ እኩሌታ ላይ ምሳ ያስጠብቃሉ። እኛም ይህን ሥርዓት ሰምተን ወደድነውና ሾፌሩን፦ «ከድልድዩ ላይ ጠብቀን» ብለን ሰደድነው። የትኛው ድልድይ እንደ ሆነ ግን አልነገርነውም።

ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሣን። ቆቦ ከወልድያ ከ500 ሜትር በሚበልጥ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ መንገዱ በቍልቍለት ሲወስደን እንደ ሕፃናት ደስ አለን። አላውሃን ተሻግረን ጎብዬን ካለፍን በኋላ ግን ፀሐዩ በረታ። በስተግራችን የላስታ ተራሮች፥ በስተቀኛችን የዞብል ሰንሰለት ቆሞ፥ በመካከላቸው ያለው ሜዳ እስከ ዓይን ማረፊያ ማሽላ ብቻ ነው። ልጆች ከማማ ላይ ሆነው ወፉን በወንጭፍ ይከላከላሉ።

የዚህ አገር ወንዝ ጠባዩ ልዩ ነው። በክረምት ከምዕራቡ ተራራ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል፤ ገበሬውም በአፈር ክትር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል፤ በአንድ ሌሊት ጎርፍ አዝመራው የሚድንበት ጊዜ አለ። በበጋ ግን ውሃው በአሸዋና በጠጠር ውስጥ እየሰረገ ከምድር በታች ይቀራል። ስለዚህ ስሙ ትልቅ በሆነ ወንዝ ዳር ቆሞ መጠማት በራያ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሮቢት አጠገብ ከጎሊና ድልድይ ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ መኪናዪቱ የለችም። በእጃችን የነበረው ውሃ አልቋል፤ ስልኩም መስመር አልያዘም። ወደ ሮቢት ተመልሰን ውሃ መለመን በተገባን ነበር፤ ነገር ግን «አሁን እንደርስባታለን» እያልን ወደ ፊት ሄድን። ይህ የሁለታችንም ጥፋት ነው፤ ይልቁንም የእኛ፤ በዕድሜ የምንበልጥ እኛ ነንና።

ጥቂት እንደ ሄድን ባልንጀራችን ዝም አለ። ስንጠራው የማይገባ መልስ ይሰጥ ጀመር። ፊቱን ብንዳስሰው እንደ እሳት ይፋጃል፤ ላቡም ደርቋል። ወዲያው ከብስክሌቱ ጋራ ወደ መንገዱ ዳር ወደቀ። በዚያ ጊዜ የያዘንን ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ የሚስቱና የሦስት ልጆቹ ፊት በዓይናችን መጣብን።

ጩኸታችንን ሰምተው አንድ ሽማግሌ ከማሽላው ውስጥ ወጡ። «ልጄ፥ እግሩን ያዝልኝ» ብለው፥ ከግራር ጥላ ሥር አስተኛነው። ነጠላቸውን አውልቀው ከቅላቸው ውሃ አርሰው አንገቱንና ብብቱን ሸፈኑት። ዓይኑን ከገለጠ በኋላም ውሃውን በጥቂት በጥቂት አጠጡት፤ እኛ አብዝተን ልናጠጣው ስንል እጃችንን መለሱት። ሲያገግምም ብስክሌቶቹን ተመልክተው፦

«መኪና አለን አላችሁ፤ ታዲያ ስለ ምን በብረት ላይ ትንገላታላችሁ?» አሉን።

መልስ አላገኘንም። «አባቴ፥ አገር ለማየት ነው» ብንላቸው፥ «እንግዲህ አያችሁት» ብለው ሣቁ።

ሾፌሩ ከ7 ሰዓት በኋላ ተመልሶ አገኘን። ለካ ከቆቦ አጠገብ ካለው ከሆርማት ድልድይ ላይ ቆሞ፥ እኛኑ ሲጠብቅና ሲሰጋ ነበር። ሊቈጣን ጀምሮ ባልንጀራችንን ባየ ጊዜ ዝም አለ። ባልንጀራችንም ሊቆም ሳይችል «በብስክሌቴ ቆቦ እገባለሁ» እያለ ተከራከረን፤ በግድ አስገባነው። እኛም ብቻችንን መንዳቱን አልወደድንምና ሁለቱን ብስክሌቶች ጭነን ቆቦ ገብተን አደርን። አላማጣም ቀረ።

ለሽማግሌው ገንዘብ ብንዘረጋ አልተቀበሉንም፤ ቅሉን በውሃ ሞልተን ብቻ መለስንላቸው።

በተከታዩ ዓመት በ2008 ዓ.ም. ዝናሙ ጠፍቶ የራያ ማሽላ በቁሙ ደረቀ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ክረምትም ጦርነት በቆቦ ላይ አለፈ። ባልንጀራችን በሁለቱም ጊዜ እየደወለ፦ «ያ ሽማግሌ እንዴት ሆነው ይሆን?» ይለናል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር።