ስልሳ አንድ ቁልፍ ወይስ ስልሳ ስምንት፦ ለአማርኛ ግልበጣ የሚሆን የቁልፍ ሰሌዳ ስለ መምረጥ

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁና በረሃቡ ሳቢያ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች ተነሥተው ወደ በለስ ሸለቆ በሠፈሩ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ላይ ያተኩራል። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ወላጆች ዛሬ አርጅተዋል። ባለፈው በጋ ቃላቸውን ከሰጡኝ አዛውንት አንዱ፣ የተናገሩት በጽሑፍ ተነብቦላቸው «ልክ ነው» ሳይሉ ዐርፈዋል። ለቀሩት የገባሁት ቃል ግልጽ ነው፤ ክረምቱ ገብቶ የመንደሮቹ መንገድ ከመጨቅየቱ በፊት እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ ገልብጬ፣ ቤታቸው ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

ድምፅን ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ በምርምር ዘዴ ምዕራፎቻችን ውስጥ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ቦታ አይሰጠውም። በእኔ ልምድ ግን የአንድ ሰዓት ቅጂ ሙሉ የሥራ ቀን ይበላል፤ ተናጋሪው በዕድሜ የገፋ ከሆነና ከበስተጀርባው የበግና የልጆች ድምፅ ካለ ደግሞ አንድ ቀን ተኩል። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚያልፈው በጣትና በቁልፍ መካከል ነው። ላፕቶፔ ላይ «ር» እና «ን» የሚጻፍባቸው ቁልፎች ሥራ ባቆሙ ጊዜ የገጠመኝ ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው። በአማርኛ ያለ «ር» እና ያለ «ን» ስንት ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንደሚቻል አንባቢ ራሱ ይሞክር።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሙሉ መጠን ያለው አሮጌ ባለገመድ ሰሌዳ ለጊዜው አውሶኛል። ለቢሮ ደህና ነው፤ እኔ ግን የምሠራው አንድ ጊዜ በተከራየሁት ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ቁጥራቸው ስማቸው በሆነው በፓዌ መንደሮች ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ስለዚህ ከቦርሳ የሚገባ፣ ገመድ የማይፈልግና ለብዙ ወራት የዕለት ተዕለት ጫና የሚችል ሜካኒካል ሰሌዳ መፈለግ ጀመርሁ። ከዋጋና ከመገኘት አንጻር ሁለት ቀሩልኝ፦ ኪይክሮን ኬ6 እና ሮያል ክሉጅ አርኬ61።

ሁለቱም በብሉቱዝ ይሠራሉ፤ ባትሪያቸው ሲያልቅም በዩኤስቢ ሲ ገመድ ተሰክተው ሥራ ይቀጥላሉ። ኬ6 68 ቁልፎች አሉት፤ ከእነዚህ አራቱ ራሳቸውን የቻሉ የቀስት ቁልፎች ናቸው። ባትሪው 4000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ከሦስት መሣሪያዎችም ጋር ይዛመዳል። አርኬ61 ስሙ እንደሚለው 61 ቁልፎች ብቻ አሉት፤ ቀስቶቹን ለማግኘት ኤፍኤን የተባለውን ቁልፍ ይዞ በታችኛው ቀኝ ጥግ ያሉትን ቁልፎች መጫን ያስፈልጋል። ባትሪው 1450 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። የሰባት ቁልፍ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በይነመረብ ላይ ያነበብኋቸው ንጽጽሮች በሙሉ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተደረጉ በመሆናቸው ለእኔ ጥያቄ መልስ አልሰጡም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰሌዳው አማርኛ አያውቅም። ጣት ሲጫን ሰሌዳው ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው የቁልፉን መለያ ብቻ ነው፤ ፊደሉን የሚሠራው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የግብዓት ሶፍትዌር ነው። በኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ዘመን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ፊደሉ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ስለ ነበር፣ ከ200 በላይ የሆኑትን ሆሄያት በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ ማብቃቃት የመሐንዲስ ፈተና ነበር። ዛሬ ፈተናው ወደ ሶፍትዌሩ ተሸጋግሯል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ከተመዘገበ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ ወደዚያ ቁጥር የሚያደርሰው መንገድ ግን አሁንም በላቲን ቁልፎች በኩል ያልፋል። በዚህም ምክንያት ያው አንድ ሰሌዳ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ አማርኛ የሚጽፍ፣ ከስልክ ጋር ሲገናኝ ላቲን ብቻ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። ሦስት መሣሪያ ያገናኛል የሚለውን ማስታወቂያ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያጣራ መልካም ነው።

እኔ የምጠቀምበት የግብዓት ስልት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተዘጋጀውን የሴራን ሥርዓት ይከተላል። በዚህ ሥርዓት «ሰፈራ» ብሎ ለመጻፍ ስድስት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ። «ትምህርት» ግን ሁሉም ሆሄያቱ ሳድስ ስለ ሆኑ በአምስት ያልቃል። «ሠፈራ» በንጉሡ ሠ ከተጻፈ ሰባተኛ ቁልፍ ይጨመራል፤ እርሱም ከ1 ቁጥር በስተግራ፣ በላይኛው ጥግ ያለው የጭረት ምልክት ነው። የብዙኃኑ ኀ የሚጻፈውም በዚሁ ቁልፍ ነው። አማካሪዬ በፊደላት አጠቃቀም ጥብቅ ናቸው፤ የጥናቴ ርዕስ ላይ ያለው ቃልም «ሠፈራ» ነው። በየገጹ ይመላለሳል። «ኀዘን» የሚለውም ቃል፣ ያሳዝናል፣ በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ብርቅ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱም ትንንሽ ሰሌዳዎች ያንን ቁልፍ ወስደው ኢስኬፕን በቦታው አስቀምጠዋል። ጭረቱን ለማግኘት ኤፍኤንን ይዞ ኢስኬፕን መጫን ግድ ይላል። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ምንም አይደለም፤ ምልክቱን በወር አንድ ጊዜ ቢፈልገው ነው። ለእኔ በአንድ ገጽ ሃያ ጊዜ ጣትን መዘርጋት ሊሆን ነው። የምገለብጥበት ኦትራንስክራይብ የተባለው ነፃ መሣሪያ በበኩሉ ድምፁን የሚያስኬደውና የሚያቆመው በኢስኬፕ ቁልፍ ስለ ሆነ ኢስኬፕን ከቦታው ማንሣትም አልፈልግም። «ሁሉን በሰ ጽፈሽ በመጨረሻ በአንድ ትእዛዝ ለውጪው» ያለኝ ወዳጅ አለ። ለ«ሠፈራ» ይሠራ ይሆናል፤ «ሰማይ»ን እና «ሣር»ን፣ «ሰው»ን እና «ሥራ»ን የሚለይ ትእዛዝ ግን እስካሁን አላየሁም።

መፍትሔው የተገኘው ከራሱ ከፊደላችን ጠባይ ነው። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ካፕስ ሎክ የተባለው ቁልፍ፣ በግራ እጅ ትንሿ ጣት አጠገብ ምርጡን ቦታ ይዞ የተቀመጠው፣ ለአማርኛ ጸሐፊ ፍሬ የለውም፤ እንዲያውም ሳይታሰብ ሲነካ «ት»ን ሁሉ «ጥ» ያደርጋል። ሻርፕኪስ በተባለ ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካፕስ ሎክ ጭረቱን እንዲሰጥ አደረግሁት። በተዋስሁት ሰሌዳ ላይ በሁለት ቀን ለመድሁት። በሙሉ ሰሌዳ ለሚጽፍ ሰውም ቢሆን ይህን ለውጥ አጥብቄ እመክራለሁ። በዚህ አንጻር ኬ6 እና አርኬ61 እኩል ሆኑ።

የቀረው የቀስቶቹ ጉዳይ ነው። ግልበጣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ጽሑፍ አይደለም። የሰማሁትን ጽፌ፣ ድምፁን ወደ ኋላ መልሼ፣ «መጡ» ያልሁት «መጣን» መሆኑን አረጋግጬ እመለሳለሁ። ይህ ልዩነት ተራ እርማት አይደለም፤ አንዲት እናት ስለ ጎረቤቶቻቸው ይናገራሉ ወይስ ስለ ራሳቸው የሚለውን የሚወስን ነው። ስለዚህ ቀስት የዘወትር መሣሪያዬ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ኬ6ን እንድመርጥ ያዘነበለኝም ይህ ነበር።

ሁለቱንም ሰሌዳ ፓዌ ውስጥ አግኝቶ መሞከር አይቻልም። ማስመሰል ግን ይቻላል። በተዋስሁት ሰሌዳ ላይ ያሉትን የቀስት ቁልፎች በወረቀት ሸፍኜ፣ ፓወርቶይስ በተባለው ፕሮግራም የቀኙን ኮንትሮል ከአራት ፊደላት ጋር ሳጣምር እንደ ቀስት እንዲያገለግሉ አደረግሁ። የአርኬ61 አቀማመጥ ግልባጭ አይደለም፤ ሆኖም የጥያቄውን ፍሬ ነገር ይይዛል፦ ለቀስት ሁለት ጣት መጠየቅ ሥራዬን ምን ያህል ይጎዳል? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አሰልቺ ነበሩ። በአምስተኛው ቀን ወረቀቱ መኖሩን ረሳሁ። እጄ ከመካከለኛው ረድፍ ስለማይነሣ እንዲያውም ዓይኔ ከጽሑፉ ላይ መራቁን ቀነሰ። ያልተፈታው አንድ ነገር ጽሑፍ መምረጥ ነው፤ ሺፍት፣ ኤፍኤንና ቀስት በአንድነት ሦስት ጣት ይጠይቃሉ፤ ይህ እስከ መጨረሻው አልተመቸኝም። በዚህ ረገድ ኬ6 የተሻለ መሆኑን ማንም ሊከራከረኝ አይችልም።

ስለ ባትሪ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም። መብራት በሚጠፋበት ቀን ቀድሞ የሚሞተው ላፕቶፑ እንጂ ሰሌዳው አይደለም። ትልቁን ድርሻ የሚበላው የቁልፎቹ የጀርባ መብራት ነው፤ እርሱ ከጠፋ 1450ውም በቂ ነው።

ድምፁ ግን ያሳስባል። ሜካኒካል ሰሌዳ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው፤ የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤምኤክስ የተባለው ዓይነት እስከ ዛሬ መለኪያ ነው። በቀለም ይለያሉ፦ ሰማያዊው በተጫነ ቁጥር ጠቅ ይላል፣ ቡናማው ለጣት የሚሰማ ጉብታ አለው እንጂ ጠቅ አይልም፣ ቀዩ ደግሞ ያለ ጉብታና ያለ ጠቅታ ቁልቁል ይወርዳል፤ የቼሪው ቀይ ለመጫን 45 ግራም ያህል ኃይል ይበቃዋል። ባለሰማያዊ ስዊች ሰሌዳ ለአንድ ምሽት ተውሼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የቤቱ ባለቤት፣ እርሳቸውም በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ እናት፣ ቡናቸውን እየቀዱ «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትቀጠቅጪ ታድሪያለሽ?» አሉኝ። ግድግዳው ቀጭን ነው። ሰማያዊው በዚያው ቀረ።

ለፓዌ ከቀለሙ ይልቅ የሚበልጠው ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀልና የሚተካ መሆኑ ነው። በጋው ሞቃትና አቧራማ ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲበላሽ ሰሌዳውን የሚጠግን ሰው ለመፈለግ ቢያንስ እስከ ባሕር ዳር መሄድ ሊጠይቅ ይችላል። የሚነቀል ስዊች ያለው ሰሌዳ ካለኝ ግን አምስት መለዋወጫ በፕላስቲክ ከረጢት ይዤ የሞተውን በሁለት ደቂቃ እተካለሁ። ሁለቱም ሞዴሎች የሚነቀልም የማይነቀልም ዓይነት ወጥቶላቸዋል፤ በሳጥኑ ላይ ያለው ስም አንድ ስለ ሆነ ሻጩን ሳይጠይቁ መግዛት አደጋ አለው።

በዚህ መጽሔት አንባቢ ዘንድ በጉሙዝ ቋንቋ ላይ የሚሠሩ ስለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ለጉሙዝ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ሆሄያት በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 6.0 ተመዝግበዋል፤ አቢሲኒካ ሲል የተባለው ነፃ የፊደል ቅርጽም ያሳያቸዋል። በቃለ መጠይቆቼ ውስጥ የሚገኙት የወንዝና የኮረብታ ስሞች ከሠፋሪዎቹ በፊት የነበሩ የጉሙዝ ስሞች ናቸው፤ በአማርኛ ሆሄ አስጠግቶ መጻፍ የቦታውን ባለቤት ስም ማጉደፍ ይመስለኛል። ይህንን ግን ምንም ዓይነት ሰሌዳ አይፈታውም፤ የሚፈታው በግብዓት ሶፍትዌሩ ነው።

ዋጋው ላይ ስደርስ ሚዛኑ ሌላ ሆነ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። በተነገረኝ ዋጋ መሠረት በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ያለው ልዩነት ለከምባትኛ ረዳቴ የምከፍለው የአምስት ቀን አበል ነው። ሰባት ቁልፎች በአንድ ወገን፣ የአምስት ቀን ጆሮ በሌላ ወገን። ከቅጂዎቼ አራቱ እናቶች ሲጀምሩ በአማርኛ፣ ወደ ረሃቡና ወደ ጉዞው ሲደርሱ ግን በከምባትኛ የሚናገሩባቸው ናቸው። እዚያ ቦታ ላይ እኔ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ጽሑፍ ለመምረጥ ሦስት ጣት መጠቀም እችላለሁ፤ ያንን ክፍል ያለ ረዳቴ መገልበጥ አልችልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው የክፍል ጓደኛዬ በወረቀት ጽፌ የሰጠሁት አርኬ61 ነው፤ ቀይ ስዊች፣ የሚነቀል ዓይነት፣ ከአምስት መለዋወጫ ጋር። ሻጩ ፊት አንድ ቁልፍ ነቅሎ እንዲያይ፣ ከስልኩ ጋር በብሉቱዝ እንዲያገናኝና ሁሉንም 61 ቁልፎች አንድ በአንድ እንዲጫን አደራ ብየዋለሁ። የሚነቀለው ዓይነት ከሌለ ሳይገዛ እንዲመለስ፤ የተዋስሁት ሰሌዳ እስከ ሰኔ ይቆየኛል። ረዳቴ ቅዳሜ ይመጣል፤ ከአራቱ ቅጂዎች የመጀመሪያውን እንጀምራለን።