«ቦታ ለቅቀዋል» ብዬ የጻፍኩባቸው እናት

ወሎ ሰፈር የምኖር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። የማገለግልበትን ደብር ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የደብሩ አይደለም። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝንም ቀኖና ተቀብያለሁ። እዚህ የምጽፈው ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። እንደ እኔ «አገልጋይ» እየተባለ የሚጠራ ሰው፣ እኔ ዘግይቼ ያየሁትን ሳይዘገይ እንዲያየው ብዬ ነው።

በምግባረ ሠናይ ክፍል የነዳያን መዝገብ በእጄ ነበር። በየወሩ ዱቄትና ዘይት የሚሰጣቸው አረጋውያንና መበለቶች ስም፣ ስልክ ለሌላቸውም የጎረቤት ስልክ ተጽፎበታል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ። በመዝገቡ ላይ ያሉ አንዲት እናትም ከተነሡት መካከል ነበሩ። እርዳታቸውን ሊወስዱ ሳይመጡ ሲቀሩ በስማቸው ትይዩ «ቦታ ለቅቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። የጎረቤታቸው ስልክ እዚያው ገጽ ላይ ነበር። አልደወልኩም።

ጊዜ አጥቼ ነው ብል ከፊል እውነት ይሆናል። በዚያ ሰሞን ለዓመታዊው ጉባኤ ትምህርት እንዳቀርብ ተመድቤ ስዘጋጅ አመሽ ነበር። ግን አንድ ስልክ ለመደወል ማምሸት አያስፈልግም። እውነቱ፣ መዝገቡን አልወደውም ነበር። ዱቄት ሲመዘን የሚያይ የለም፤ ጉባኤ ፊት የቆመን ግን ሁሉ ያየዋል፤ ሲጨርስም «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይባላል። ምርቃቱ ስለ ቃሉ ነው፤ እኔ ግን ለራሴ እየቆጠርኩ ወደ ቤቴ ይዤው እገባ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ ለዚህም ከመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ ያገኘሁ መስሎኝ መኖሬ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6፣ ሐዋርያት የእግዚአብሔርን ቃል ትተው ማዕድ ማገልገል እንደማይገባቸው ይናገራሉ። ይህን ይዤ ማስተማር ይበልጣል፣ ማደል ያንሳል ብዬ ፈረድኩ። እኔ የተመደብኩት ለማዕዱ መሆኑን አላየሁትም፤ ወይም ላየው አልፈለግኩም።

በተከታዩ ዓመት ጥቅምት 17፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ የሢመቱ በዓል ሲቃረብ፣ ያንኑ ምዕራፍ ለታዳጊዎች እንዳስተምር ታዘዝኩ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ እሳለማለሁ። ሰማዕትነቱን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ለምን እንደተመረጠ ግን ልቤ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ተዘነጉ፤ ማጉረምረምም ተነሣ። ሐዋርያት ጉዳዩን አላቃለሉትም። በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ጸልየውም እጃቸውን ጫኑባቸው። ከሰባቱ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው። ማዕድ ለማደል ይህ ሁሉ ተጠይቋል። መበለቶቹ ከታሰቡ በኋላም የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ እንደሄደ ያው ምዕራፍ ይመሰክራል። እኔ የለያየሁትን መጽሐፉ አንድ ላይ አስቀምጦታል።

ይህን ሳስረዳ አንዲት ልጅ «የተረሱት መበለቶች ስማቸው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «መጽሐፉ አልነገረንም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ የእኔ መዝገብ ትዝ አለኝ። እዚያ የእኒያ እናት ስም ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ የእኔ እጅ ጽሑፍ።

ያን ዕለት ደወልኩ። ጎረቤታቸው ተገርመው «እሳቸው? እሑድ እሑድ እኮ እናንተው ዘንድ ነው የሚያስቀድሱት» አሉኝ። ታክሲ እየቀያየሩ ይመጡ ነበር። ከእርዳታው የቀሩት ዱቄቱን በዚያ መንገድ መሸከም ስላልቻሉ ነው እንጂ፣ ከቅዳሴው አልቀሩም። ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም ነበር፤ ስንት ጊዜ በአጠገባቸው እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

እሑድ ፈልጌ አገኘኋቸው። «እማማ፣ በድዬዎታለሁ» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ሥራ በዝቶባችሁ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ አላቀለለልኝም። ራሴን ያጽናናሁበት ቃል እርሱው ነበር፤ እሳቸው ከቸርነት ያሉትን እኔ ማምለጫ አድርጌው ነበር።

አሁን እርዳታቸው ያሉበት ድረስ ይደርሳል። ያለፈውን ዓመት ግን አይመልሰውም። በዚያ ዓመት እንዴት እንደከረሙ አልጠየቅኋቸውም፤ አክብሬያቸው ይሁን መልሱን ፈርቼ፣ እስካሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ማስተማሩን አልተውኩትም፤ መተዉ ራሱ ሌላ መታያ እንዳይሆንብኝ ሠግቻለሁ። መዝገቡንም አላስረከብኩም።

በእጃችሁ የችግረኛ ስም ያለባችሁ አገልጋዮች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስም ከመሰረዛችሁ በፊት ደውሉ፤ ስልክ ከሌለ ሂዱ፤ የምትረዱትንም ሰው በመልኩ እወቁት። የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹ ዲያቆናት የተሾሙት ለዚህ ነው።