ልብስና ገበታ

ሰው አንደበቱን ከፍቶ ከመናገሩ በፊት በሁለት ነገሮች ይናገራል፤ ይኸውም በአለባበሱና በአበላሉ ነው። ልብሱ ለራሱ ያለውን ክብር ከሩቅ ያሳያል፤ ከሌሎች ጋር ወደ ገበታ ሲቀርብ ደግሞ ለሌሎች ያለው ክብር ይገለጣል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ከገንዘብ ጋር ብቻ ያያይዟቸዋል። ገንዘብ ያለው ሰው ያምርበታል፤ የሌለው ግን የቱንም ያህል ቢጣጣር አያምርበትም ይላሉ። እኔም በወጣትነቴ ዘመን ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼአለሁ። ይሁን እንጂ በተማሪነትና በመምህርነት ያሳለፍኋቸው ዓመታት ሌላ ነገር አስተምረውኛል። የመልካም አለባበስም ሆነ የመልካም አበላል ሥሩ አንድ ነው፤ እርሱም አጠገባችን ያለውን ሰው ልብ ማለት ነው።

አስቀድሜ ስለ ልብስ ልናገር። ነጠላን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጥጡን እናቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ይሸምነዋል፤ በጫፉም ላይ ጥለት ይገባበታል። ጨርቁ አንድ ነው። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋዋል፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ጥለቱን ገልብጦ ወደ አንገቱ ያወጣዋል፤ በሥራ ላይ ያለች ሴት ወገቧን ትታጠቅበታለች፤ በበዓል ቀን ደግሞ ጥለቱ በደንብ እንዲታይ ወደ ታች ይለቀቃል። መንገደኛ ከሩቅ አይቶ «እገሌ ሐዘን ላይ ነው» በማለት ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው የነጠላውን ቋንቋ ስለሚያውቅ ነው። አንድ ግስ በእርባታው ልዩ ልዩ ትርጉም እንደሚሰጥ ሁሉ አንድ ነጠላም እንደ አለባበሱ ልዩ ልዩ መልእክት ያስተላልፋል። ይህም መልእክት ዋጋው ውድ በሆነ ነጠላም ሆነ ባረጀ ነጠላ እኩል ይነገራል። ለባሹ ማወቅ ያለበት የት እንደሚሄድና በማን ፊት እንደሚቆም ነው።

ይህን በተግባር ያየሁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አማርኛ ያስተምሩን በነበሩ መምህር ላይ ነው። መምህሩ ያላቸው ኮት አንድ ብቻ ነበር። ቀለሙ አመድማ ሲሆን ክርኖቹ ላይ ተጥፎ ነበር፤ ሰፊው ግን የኮቱን ቀለም የሚመስል ጨርቅ ፈልጎ በደቃቅ ስፌት ስለ ጣፈው ጠጋ ብሎ ያላየ ሰው አይለየውም ነበር። መምህራችን ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል በተደወለ ቁጥር መሐረባቸውን ያወጡና ከእጅጌያቸውና ከደረታቸው ላይ የጠመኔውን ብናኝ ያራግፋሉ፤ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ፣ «መምህር፣ አሁኑኑ ተመልሶ ለሚነጣ ኮት ለምን ይደክማሉ?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ የእናንተን ጠመኔ ተሸክሜ ብገባባቸው እነዚያ ልጆች ትርፍራፊ መምህር የደረሳቸው ይመስላቸዋል» አሉት። እኛ ሳቅን። መልሳቸው ግን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሰውየው ልብሳቸውን የሚያጸዱት ገና ላላዩአቸው ልጆች ብለው ነበር።

በእርግጥ ወጣት ሁሉ መዋብ ይወዳል፤ ይህም ነውር አይደለም። በ1960ዎቹ የከተማው ወጣት ጸጉሩን አጎፍሮ «አፍሮ» ያደርግ፣ ከታች የሰፋውን «ቤል ቦተም» ሱሪም ይለብስ ነበር። የዛሬው ወጣት ደግሞ የሚያስደስተውን አለባበስ ከእጅ ስልኩ ላይ ያያል። ከሌላ ሰው አይቶ መማር የነበረና የሚኖር ነገር ነው። ሊታሰብበት የሚገባው ከምናየው ሁሉ የትኛውን እንውሰድ የሚለው ጉዳይ ነው። ከመምህሬ የወሰድሁት ኮታቸውን ቢሆን ኖሮ የአንድ አመድማ ኮት ባለቤት ከመሆን በቀር ሌላ ትርፍ ባላገኘሁ ነበር፤ የወሰድሁት ግን የመሐረባቸውን ልማድ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ከሰው መማርን አይከለክልም፤ የራስ ያልሆነውን ተውሶ ራስን መደበቅን እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ ገበታ እንለፍ። ከቤት ውጭ በገንዘብ መብላት በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ አይደለም። በቀድሞው ዘመን መንገደኛ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ከሰው ቤት ይገባ፣ የቤቱንም ራት ተካፍሎ ያድር ነበር። ምግብን ለገንዘብ ማቅረብ እንደ ነውር ይታይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ባቋቋሙትና በ1900 ዓ.ም. በተከፈተው፣ በስማቸውም በሚጠራው ሆቴል መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን እንዲለምዱ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየወሰዱ ይጋብዟቸው እንደ ነበር ይነገራል። እንግዲህ ሆቴል ለአበላላችን ሁለት አዳዲስ ነገሮችን አመጣ፤ እነርሱም የግል ሳህንና የሒሳብ ወረቀት ናቸው። በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ማን ብዙ እንደ በላ፣ ማን ጥቂት እንደ ቀመሰ አይቆጥሩም። በየግል ሳህንና በየግል ሒሳብ ግን የእያንዳንዱ ሰው አቅም በጠረጴዛው ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ይህን ልዩነት የተረዳሁት የመምህርነት ሥልጠናዬን በምከታተልበት ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በአንድ መኝታ ክፍል ስምንት ሰዎች ነበርን። ትምህርቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከመለያየታችን በፊት ወደ ከተማ ወጥተን ከአንድ ደኅና ሆቴል ራት እንብላ ተባባልን። እያንዳንዱ ሰው የወደደውን አዝዞ የራሱን ሒሳብ እንዲከፍልም ተስማማን። በሹካ መብላት ያልለመድነውም ፓስታ እንዴት እንደሚጠቀለል እርስ በርሳችን እየተማማርን ቀኑን በጉጉት መጠበቅ ጀመርን። ከስምንታችን አንዱ ግን ዝም አለ። ይህ ልጅ ከሚሰጠን ጥቂት የኪስ ገንዘብ አብዛኛውን ለእናቱና ለታናናሾቹ ይልክ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጨዋታ ስንይዝ መጽሐፉን አንሥቶ ወደ ውጭ መውጣት አመጣ። ቀኑ ሲቃረብ ሆዱን እንደሚያመው ተናገረ፤ ሻንጣውንም ከሁላችን ቀድሞ ማሰር ጀመረ። ሁለት ዓመት አብሮን የኖረ ወንድማችን ሳይሰናበተን ሊሄድ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ለብዙ ዓመታት በገጠር አስተምረው ለተጨማሪ ሥልጠና የመጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። በራቱ ቀን ዋዜማ ጋሼ አልጋቸው ላይ እንደ ተቀመጡ፣ «እኔስ ሆቴሉን ትቼዋለሁ» አሉ።

«ምነው ጋሼ?» አልናቸው።

«ለየብቻ ከተበላማ ምኑን ተሰነባበትነው? ከበሩ ፊት ለፊት ካሉት ሴትዮ ቤት ሄደን በአንድ ትሪ እንብላ።»

ጥቂቶቻችን ቅር አለን። በተለይ አንዱ አዲስ ኮት አሰፍቶ ስለ ነበር፣ «ይህን ለብሼ ሽሮ ቤት?» ብሎ አጉረመረመ። ጋሼም፣ «እዚያ ከአንተ በቀር ኮት የለበሰ ስለማይኖር ይበልጥ ታምራለህ» አሉት። ተሣሣቅንና ነገሩ በዚያው አለቀ። አመመኝ ያለውን ልጅ ግን እንዲመጣ አልለመኑትም። ወደ እርሱ ዞር ብለው፣ «አንተ የሁላችን ታናሽ ስለ ሆንህ እጅ የምታስታጥበን አንተ ነህ፤ እንዳትቀር» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። የተሰጠው ሥራ ስለ ነበር ለመቅረት ምክንያት አላገኘም።

በማግሥቱ ማታ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከጋሼ ጀምሮ በዕድሜ ቅደም ተከተል አስታጠበን። ትሪው ቀረበ፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም በላዩ ላይ ተደርድሯል። ጋሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሱት ባለ ኮቱን ነበር፤ ሁለተኛውን ያን ልጅ አጎረሱት፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳጎረሰ የሚያውቅ አልነበረም። ስንጨርስ ሒሳብ ብንጠይቅ ሴትዮዋ «ተከፍሏል» አሉን። ጋሼ ቀን ላይ መጥተው ከፍለው ኖሯል። እኛም ድርሻችንን ልንሰጣቸው ኪሳችንን ስንዳስስ፣ «ገበታ ላይ ገንዘብ አይቆጠርም፤ ነገ እቀበላችኋለሁ» አሉ። እንዳሉትም በማግሥቱ እያንዳንዳችንን ለብቻ ለብቻ እየጠሩ ተቀበሉን። ከዚያ ልጅ ተቀብለው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ግን ከሁለቱ በቀር እስከ ዛሬ ድረስ የሚያውቅ የለም። እኔ የማውቀው ልጁ በመለያየታችን ቀን ሁላችንንም በየተራ አቅፎ ስሞ እንደ ተሰናበተን ነው።

ጋሼ ስላደረጉት ነገር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። በሁላችን ፊት «ለእርሱ እኛ እናዋጣለት» ብለው ቢሆን ኖሮ ሐሳባቸው ቅን፣ ምግቡም ያው በሆነ ነበር። ልጁ ግን ጉርሻው ከጉሮሮው ባልወረደለት ነበር። «ከአያያዝ ይቀደዳል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው ልግስናም አያያዝ አለው።

ከዓመታት በኋላ እኔም በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ገጠመኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የዓመቱን መዝጊያ አዳዲስ ልብስ ለብሰው፣ ምሳም ከሆቴል በልተው ሊያከብሩ ተስማሙ። በድርሰት ጽሕፈት ከሁሉም የምትበልጥ አንዲት ልጅ ብቻዬን ጠብቃ፣ «መምህር፣ በዚያ ቀን ወደ አክስቴ ቤት ስለምሄድ አልገኝም» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጫማ ስትመላለስ አይቻት ስለ ነበር ነገሩ ገባኝ፤ የጋሼም ትሪ ታወሰኝ። ስለዚህ ሁሉም ታጥቦ በተተኮሰ ዩኒፎርም እንዲመጣ፣ ከየቤቱም የተቻለውን ምግብ ይዞ ዴስኮቹን አገጣጥመን አብረን እንድንበላ ለክፍሉ ሐሳብ አቀረብሁ። አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «በዓመት አንድ ቀን እንኳ አምረን ብንታይ ምን አለበት?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ተወያየንበትና ልብሱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጸጉሩን ግን እያንዳንዱ እንደ ወደደ ያስውብ ተባለ። በዕለቱ ያቺ ልጅ እናቷ የሠራችላትን ሹሩባ ይዛ መጣች። ሹሩባው እጅግ የተዋበ ስለ ነበር ሦስት ጓደኞቿ እናቷ ለእነርሱም ትሠራላቸው እንደ ሆነ ሲጠይቋት ሰማሁ።

እንግዲህ ራስን ማሳደግ ማለት ምን እንደ ሆነ ከእነዚህ ሰዎች መረዳት ይቻላል። ሹካና ቢላዋ አያያዝን መማር ጠቃሚ ነው፤ ሰው ከእንግዳ ገበታ ሲቀርብ እንዳይሸማቀቅ ይረዳዋል። ነገር ግን ይህ በአንድ ሳምንት ይለመዳል። ልብስን ከጊዜና ከቦታ ጋር ማስማማትም እንዲሁ በጥቂት ትዕግሥት ይገኛል። ከገበታው ማን እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ማየት፣ አይቶም ሳያሳፍሩ ማቅረብ ግን ዕድሜ ልክ የሚሠለጥኑበት ጥበብ ነው። እናንተም ወጣቶች ከጓደኞቻችሁ ጋር ከቤት ውጭ ለመብላት ስትነሡ ከምግቡ ዝርዝር በፊት የጓደኞቻችሁን ፊት አንብቡ።