ዝቅ በልልኝ

አምቦ ላይ ለሠርግ ቤዝ ጊታር በምጫወትበት ጊዜ፣ ሌሊቱ ሲገፋ የዘፋኛችን ድምፅ ይሰልል ነበር። «አንድ ድምፅ ዝቅ በሉልኝ» ይለናል። ለኪቦርዱ ምን ችግር አለ? አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። የእኔ ቤዝ ግን ከኢ በታች መውረጃ የላትም። (የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በካሴት እየሰማ ቤዝ የለመደ ሰው ዘፈኑ ሆዱ ባዶ ሲቀር አይወድም።)

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሂፕሾት የሚሉትን ላከችልኝ። በወፍራሙ ክር መወጠሪያ ቦታ የሚገባ፣ ትንሽ እጀታ ያለው ብረት ነው። እጀታውን ሲገለብጡት ክሩ ይላላና ከኢ ወደ ዲ ይወርዳል፤ በሴኮንድ 41 ጊዜ ግድም ይርገበገብ የነበረው 37 ገደማ ይሆናል። ሲመልሱት ይመለሳል። የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው አንዲት ብሎን ናት። የክራር ደርዳሪ በጆሮው እያዳመጠ የሚደክምበት ነገር በቅጽበት!

ጉደር ለሠርግ ተጠራን። እኩለ ሌሊት ላይ ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ፤ ገለበጥሁት። ዲ ድንኳኑን ሲያንቀጠቅጠው ሙሽራው ሳይቀር ቀና አለ። ኩራቴ ግን አራት ምት አልቆየም። ክሩ ሲወርድ ጂ ከ3ኛው ፍሬት ወደ 5ኛው ይሸሻል፤ ጣቴ ግን የለመደው 3ኛውን ነው። ኤፍን ደለቅሁት። ያችን የቀረችውን ድምፅ ይዞ የሚንገታገተው ሰውዬ ከዜማው ወጣ፤ ጨፋሪው ቆመ።

በማግስቱ በሚኒባሱ ውስጥ አላነጋገረኝም። አምቦ ልንገባ ስንል ጉሮሮውን እየዳበሰ «ስማ፣ ያ ብረትህ ለዚህ የሚሆን የለውም?» አለኝ።